በሐምሌ ወደ ታጁራ? ወሩን ይቀይሩት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ልጃችንና የ66 ዓመት እናቴ ባሕር አይተን አናውቅም። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ሳምንት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ሄደን ብናርፍ ብለን ጅቡቲ ያለችውን ታጁራን መረጥን። ቅርብ ስለሆነች በኮምቦልቻና በሚሌ አድርገን በአውቶቡስ ብንሄድ ይረክሳል ብለናል። ዓሣውም በነጻ ማለት ይቻላል ተብለናል። እናቴ ደም ግፊት አለባት። አንዱ ‹ቆላ ስትወርድ ግፊቷ ይነሳል፣ ተዉ› ይለናል፤ ሌላው ‹የባሕር ውኃ እንደ ፍል ውኃ ነው፣ ለቁርጥማቷ መድኃኒት ነው› ይላል። ልጃችን ዋና አይችልም። የቢጫ ወባ ክትባት ከወሰድን ደግሞ ለወባ አንሰጋም አይደል? ምን ይመክሩናል?»

ሐምሌን ይሰርዙት፤ በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ይሂዱ። በጥያቄዎ ውስጥ ያለው ሌላው ሁሉ መላ አለው፤ ወሩ ግን መላ የለውም። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም የጅቡቲ ዳርቻ እሳት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል። ሌሊቱም እፎይ አያሰኝም፤ 30 ዲግሪ ላይ የሚያድሩ ሌሊቶች ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራና አሸዋ ይዞ ይመጣል። አቅም ያለው የጅቡቲ ሰው ራሱ በዚያ ወቅት ከተማውን ጥሎ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣል። የታጁራ ሰዎችም ከኋላቸው ወዳለው ወደ ጎዳ ተራራ ይሸሻሉ። አገሬው የሚሸሸውን ወር እርስዎ ለዕረፍት ሊመርጡት አይገባም።

ከየት እንደሚነሱም ያስቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ሐምሌ ላይ ጉሙ ቀኑን ሙሉ አይገፈፍም፤ ሰው ጋቢ ደርቦ ነው የሚውለው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እናንተ የምትቆዩት አንድ ሳምንት ነው። ገና ሰውነታችሁ ሲለምድ ወደ ቤት ልትመለሱ ነው ማለት ነው። ለወጣት ሰው ይህ ድካምና ራስ ምታት ነው። ለ66 ዓመት እናትዎ ግን አደጋ ነው።

አሁን ወደ ግፊቱ ልምጣ። እዚህ ላይ የሰማችሁት ነገር ተገልብጧል። ቆላ መውረድ በራሱ ግፊት አያስነሳም። ደብረ ብርሃን ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ጠረፍ ሲደርሱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይጨምራል። እናትዎ እንዲያውም ደረጃ መውጣቱ ይቀላቸው ይሆናል። የሚያስፈራው ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ሲሞቅ የደም ሥር ይሰፋል፤ ሰው ያልበዋል፤ ውኃና ጨው ከሰውነት ይወጣል። በዚያ ላይ የግፊት ኪኒን አለ። ሦስቱ ሲገናኙ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ይወርዳል። እናትዎ ከአልጋ ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ይወድቃሉ። በተለይ የሚወስዱት መድኃኒት ሽንት የሚያሸና ከሆነ ነገሩ ይብሳል። አምሎዲፒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ላይ እግራቸው ሊያብጥ ይችላል። አንዲት እናት ሁለተኛው ቀን ላይ ጫማቸው እምቢ ብሏቸው ‹ኩላሊቴ ሄደ› ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሐኪም አያቸው። ሙቀቱና ኪኒኑ ያመጡት እብጠት ነበር፤ እግራቸውን ከፍ አድርገው ሲተኙ ጎደለላቸው።

ስለዚህ ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብለው እናትዎን ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር ያገናኙ። የሚሄዱበትን አገርና የሙቀቱን መጠን ይንገሩት። መድኃኒት መቀነስ ካለበት እሱ ይቀንስ። በራሳችሁ ግማሽ ኪኒን ማድረግ ወይም ‹ለአንድ ሳምንት ብተወው ምን ይላል› ማለት አይቻልም። ኪኒኑ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይግባ፤ ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋል። ኦአርኤስ ከእዚሁ ፋርማሲ ገዝታችሁ ያዙ። እናትዎ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይዋሉ። አንድ ሰው ግለቱ ጨምሮ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ግራ ከተጋባ ጨዋታ የለም። በውኃ እያራሱ፣ እያራገቡ ቶሎ ወደ ሕክምና ነው።

የባሕር ውኃ እንደ ፍል ውኃ ነው የተባለው ትክክል አይደለም። በጥር የታጁራ ባሕር 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለብ ያለ እንጂ ፍል አይደለም። ውኃው የሰውን ክብደት ስለሚሸከም እናትዎ እስከ ወገባቸው ገብተው ቢንቀሳቀሱ ጉልበታቸው ለጊዜው ቀለል ሊላቸው ይችላል። ደስታው ግን ከሕክምናው ይበልጣል። ለደስታ ብለው ይግቡ። ሲወጡ ጨዉን በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ፤ አለበለዚያ ማታ ቆዳ ያሳክካል። አንድ መልካም ነገር ልጨምር። ባሕር ውስጥ ቢልሃርዝያ የለም፤ እሱ የሐይቅና የወንዝ ችግር ነው።

ቢጫ ወባን በተመለከተ ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ቢጫ ወባ ወባ አይደለም። አንዱ በቫይረስ፣ ሌላው በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጡ፣ በተለያዩ ትንኞች የሚተላለፉ ሁለት በሽታዎች ናቸው። ክትባቱ ለወባ ቅንጣት አይጠቅምም። ክትባቱ የሚያስፈልጋችሁ ጅቡቲም ኬንያም ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛን ቢጫውን የክትባት ካርድ ስለሚጠይቁ ነው። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተወሰደ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። እናትዎ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዕድሜው ከ60 ላለፈና ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወስድ ሰው ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከወጣት ከፍ ይላል። ዕድሉ በራሱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሐኪም መዝኖ ሊወስነው ይገባል። ሐኪሙ ‹አይሆንም› ካለ የምስክር ወረቀት ሊሰጥ ይችላል። ያንን ወረቀት ተቀብሎ ማስገባት አለማስገባት ግን የሚሄዱበት አገር ሥልጣን ነው። ከትኬት በፊት ይጣራ።

ትክክለኛው ወባ ደግሞ በጅቡቲ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በመላ አገሪቱ የተመዘገበው 27 ሰው ብቻ ነበር። በ2020 ከ70,000 በላይ ሆነ። በመካከሉ የሆነው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ መግባቷ ነው። እሷ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ታንከርና ባልዲ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ከተማ መሃል ትራባለች። ድሬዳዋ ላይ በ2022 ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት ነበረች። ሸዋ ሮቢት ወርዶ በንዳድ ተመትቶ የተመለሰ ዘመድ የሌለው የደብረ ብርሃን ሰው ያለ አይመስለኝም። ወባ በሌለበት ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን ስለማያውቀው ቶሎ ይከብደዋል። እኔ የምመክርዎት ቀዝቃዛው ወቅት ደግሞ ትንኟም የምትበረታበት ነው። ስለዚህ አጎበር ይያዙ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ከምሽት ጀምሮ ይቀቡ፤ ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ያማክሩ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ ቆዳን ለፀሐይ ቃጠሎ እንደሚያጋልጥ ይወቁ። ባሕር ጠረፍ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከተመለሳችሁ በኋላም በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ለሐኪሙ የመጀመሪያ ቃላችሁ ‹ጅቡቲ ነበርን› ይሁን። ደብረ ብርሃን ላይ ትኩሳት ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋን ነው።

እስካሁን ያስፈራራሁዎት ከመሰለዎት፣ ታጁራን መምረጥዎ በእውነት አስደስቶኛል። ለሰሜን ሸዋ ሰው ታጁራ ባዕድ አይደለችም። የሸዋ የድሮ የባሕር በር እሷ ነበረች። ከአንኮበር ሥር ካለችው ከአልዩ አምባ ገበያ የተነሳ የግመል ሲራራ የአፋርን በረሃ ለሳምንታት አቋርጦ የሚደርሰው እዚያ ነው። ከአሳል ሐይቅ የተቆረጠ ጨው በዚያ መንገድ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርድበት ነበር። በባርነት የተሸጡ ሰዎችም በዚያው መንገድ ወርደው፣ በዚያው ወደብ ተጭነው ቀርተዋል። ባሕሩን ስታዩ ለልጃችሁ ይህንንም ንገሩት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ሸዋ የመጡት ታጁራ ላይ ከመርከብ ወርደው ነው። ከንጉሡ ጋር የተደረገው ውልም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንጎለላ ተፈረመ። አንጎለላ እኮ በጫጫ በኩል ለእናንተ ጎረቤት ናት።

ታጁራ ራሷ ግን መንደር አይደለችም፤ ትንሽ ከተማ ናት። ቤቶቿ ነጫጭ ናቸው፤ በመስጊዶቿ ብዛት ትታወቃለች። መንደር የሚሉት ነገር ያለው ከእሷ በስተምዕራብ በዳርቻው ላይ ነው። አምባቦና ሳጋሎ የሚባሉ ትንንሽ መንደሮች አሉ፤ የተምር ዛፎች፣ ጥቂት ቤቶች፣ ወደ ዳር የተሳቡ ጀልባዎች። ሳጋሎ የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1889 ከመቶ በላይ ሩሲያውያን ካህናት ጨምረው ‹ወደ ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ወደ ኢትዮጵያ እንሄዳለን› ብለው እዚያ ሰፍረው ነበር። ፈረንሳዮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመድፍ ደብድበው አስወጧቸው። ዛሬ ይህን የሚያሳይ ሐውልት ፍለጋ አይሂዱ። እንግዲህ ማደሪያ ታጁራ ይያዙ፤ ወደ መንደሮቹ በማለዳ በመኪና ሄዳችሁ ተመለሱ። መንደር ውስጥ ለእናትዎ የሚሆን ማረፊያና ሐኪም አታገኙም።

የአውቶቡሱን ሐሳብም ይተዉት። ከደብረ ብርሃን በኮምቦልቻ፣ በሚሌና በገላፊ አድርጎ ጅቡቲ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሚሌ በኋላ መንገዱ የከባድ መኪና ነው። ከአገራችን ወጪና ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላዩ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው፤ ያ ሁሉ ተሳቢ ከፊታችሁ ይቆማል። ከጣርማበር እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በፀጥታ ምክንያት ደጋግሞ የተዘጋ ነው። ግፊት ያለባቸውን እናትና የ9 ዓመት ልጅ ይዞ ሁለት ቀን በበረሃ መንገላታት ዕረፍት አይባልም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ባቡሩ ከፉሪ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ናጋድ ይደርሳል፤ መስመሩ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለወጣት ጥሩ ነው፤ ለእናትዎ ግን ረጅም ነው። የመንገደኛ ባቡር የሚሄድበትም ቀን ስለሚለዋወጥ በእሱ ላይ ዕቅድ አይሠራም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውንም መንገድ ቢሆን በረራው ሊደርስ ሲል ሳይሆን ከአንድ ቀን በፊት ይጨርሱት።

ከጅቡቲ ከተማ ታጁራ በመኪና 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ወደ አሳል ሐይቅ የሚያስገባውን መገንጠያ ያልፋሉ። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፤ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማበርን ለሚያውቅ ልጅ ይህን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ለአንድ ሰዓት ቆማችሁ እዩት። ውኃው ከባሕር ብዙ እጥፍ ጨዋማ ስለሆነ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ፣ ጫማውንም እንዳያወልቅ። የጨው ጠርዝ እንደ ጠርሙስ ይቆርጣል። ባሕረ ሰላጤውን የሚያቋርጥ ጀልባም አለ። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሚሄድ ቀኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ስትሄዱ በመኪና፣ ስትመለሱ በጀልባ ብታደርጉት ሁለቱንም ታያላችሁ።

ርካሽ ነው የተባለውን ይርሱት። ጅቡቲ ውድ አገር ናት። ከአትክልት እስከ ዱቄት አብዛኛው ነገር ከውጭ ይገባል። ገንዘቧ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.7 የጅቡቲ ፍራንክ ነው፣ አይንቀሳቀስም። የእኛ ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ዋጋው ምን ያህል እንደወረደ እርስዎም ያውቁታል። ከዚያ በፊት የሄደ ሰው የነገረዎትን ዋጋ ለዕቅድ አይጠቀሙበት። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘው ባንክ ሄደው ምንዛሪውን በሕጉ ይግዙ። ለጅቡቲ ቪዛ ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔትም ይጠየቃል። ልጁም የራሱ ፓስፖርት ይኑረው።

ዓሣውስ? እዚያም ‹በነጻ› የሚባል የለም። የአካባቢው ሰው ሥሩ አርብቶ አደር ነው፤ ሥጋና ወተት ነው የለመደው። ዓሣ አጥማጁ ጥቂት ነው፤ ያጠመደውንም ምግብ ቤቱ ይጠብቀዋል። ግን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ዳር ብትቆሙ የምታዩትን የትም አታገኙትም። ሞተር የተገጠመላቸው ትንንሽ ጀልባዎች አንድ ሁለት እያሉ ይመጣሉ። ዓሣው በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ክንዱን የሚያህል ዓሣ አንስቶ በአውራ ጣቱ የጉንጩን ክዳን ከፈተልኝ። ውስጡ ገና የታረደ በግ ጉበት መስሎ ቀልቷል። ከዚያ ከጎኑ የነበረውን፣ የትናንቱን፣ ከፈተው። ቡናማ ሆኗል። አንድም ቃል አላወራንም፤ እሱ አፋርኛ ብቻ ነበር የሚናገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ የምመርጠው እንደዚያ ነው። መተንፈሻው ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ይሁን።

ይህን የምለው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቱናና መሰል ዓሦች ፀሐይ ላይ ከዋሉ በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ምግቡ ቢጠበስም ቢቀቀልም እሱ አይጠፋም። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ‹እሳት ያነጻዋል› ብለው ከፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ አይግዙ። የየመኖችን የዓሣ አሠራር ግን እንዳያመልጣችሁ። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። በእጅ ነው የሚበላው። እናትዎ አይቸገሩም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ሩዝ፣ ፉልና ዳቦ አይጠፋም፤ ትንሽ በሶና ሽሮ ከቤት ቢይዙ ደግሞ ይረጋጋሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እሳቸውና የንስሐ አባታቸው ይጨርሱት።

ልጁን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ዋና የማይችል ልጅ ከእርስዎ ክንድ በላይ አይራቅ፤ ጉልበቱ ድረስ ያለ ውኃ ውስጥም ቢሆን። ባሕር በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል። ጠዋት በእግራችሁ የተሻገራችሁት አሸዋ ከሰዓት ውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ የሚጎትት የውኃ ፍሰት የያዘው ሰው ከፍሰቱ ጋር አይታገል፤ ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ይውጣ። ባዶ እግር መግባትም የለም። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛም ዓሣ አለ፣ እሾሃም የባሕር ፍጥረትም አለ። የላስቲክ ጫማ ገዝታችሁ ሂዱ። የድንጋይ ዓሣ የወጋው ሰው እግሩን ሊቋቋመው በሚችለው ያህል በሞቀ ውኃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ነክሮ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቆየው፤ መርዙን ሙቀት ያደክመዋል። ከዚያ ሕክምና ይሂድ።

ጀልባ ላይ ደግሞ ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ ካልተቆጠረ አትሳፈሩ። ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት 11 ሰው ይዤ የተከራየሁት ጀልባ አራት ጃኬት ብቻ ነበረው። ‹ቅርብ ነው› አለኝ ባለጀልባው፤ እኔም እሺ አልኩ። መሃል ላይ ሞተሩ ቆመ። ነፋሱ ተነሳ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተንሳፈፍን። አራቱን ጃኬት ለልጆቹ አለበስኩና የእናቶቻቸውን ፊት ሳይ ቆየሁ። ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣን። ማንም አልተጎዳም። ያ ፊት ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል፤ ሰው አይነካም፣ የሚበላው ደቃቅ ፍጥረት ነው። ልጃችሁ ከጀልባው ላይ ሆኖ ይየው። ማንም ምንም ቢላችሁ ውኃ ውስጥ አይግባ።

ስለ ሰዎቹ አጭር ነገር። አገሩ የሙስሊም አገር ነው፤ በዋና ልብስ መንደር ውስጥ አይዞርም። ነጠላ ለፀሐይም ለክብርም ይሆናችኋል። ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ። ጫት ከእኛ አገር በየቀኑ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ ከተማው ቀዝቀዝ ይላል። መኪናም ጀልባም ጠዋት ተነጋግረው ይጨርሱ። ረመዳን ላይ እንዳይወድቅባችሁ ቀኑን ይቁጠሩ፤ ቀን ምግብ ቤት ክፍት አታገኙም።

ዕረፍታችሁ የግድ በሐምሌ ከሆነ ታጁራን ትታችሁ የኬንያን ዳርቻ ያዙ። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልግም። ሞምባሳ በአውሮፕላን ይደረሳል፤ ከዚያ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዋታሙ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። የባሕር ፓርኳ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበቀ ነው። በሐምሌ አየሩ ከ30 ዲግሪ በታች ነው፤ ለእናትዎ የተመቸ። ግን ሁለት ችግር አለበት። በዚያ ወቅት ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው ትንንሾቹ ጀልባዎች እንደ ልብ አይወጡም፤ አጥማጆቹን ለማየት ጥሩ ጊዜ አይደለም። ወጪውም ይጨምራል። ዛሬ ዋታሙ የቱሪስት ሆቴል የበዛባት ናት። ወባም እዚያም አለ፤ ቢጫ ካርዱም ይጠየቃል።

የእኔ ምክር ታጁራ ነው፤ ጊዜው ከጥምቀት በኋላ፣ የልጁ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ። ያን ጊዜ ቀኑ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሌሊቱ 22። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ትመለሳላችሁ፤ ነነዌ ግን በመሃል እንዳትገባ ቀኑን እዩ። አንድ ሌሊት ጅቡቲ ከተማ፣ ሦስት ሌሊት ታጁራ፣ መልስ ላይ አንድ ሌሊት ጅቡቲ። ከዚህ አይጨምሩ፤ ገንዘቡም የእናትዎ ጉልበትም የሚችለው ይህን ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ከፓስፖርቱም ከትኬቱም በፊት፣ እናትዎን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱ። የቢጫ ወባው ክትባት አይሆንም ከተባለና የሐኪሙ ወረቀት ተቀባይነት ካጣ ዕቅዱ በሙሉ ይቀየራል። ያን ጊዜ ሐዋሳ ሂዱ። አሞራ ገደል ላይ በማለዳ ጀልባው ሲደርስ፣ ቆሮሶው ከመረብ ሲፈታ፣ አሞራውና አባ ኮዳው ሲሻሙ ልጁም እናትዎም ያያሉ። ቪዛም ዶላርም አያስፈልገውም።